ለአረፋ የመጣው ሞተር

አጎቴ ከመርካቶ ያመጣው ሞተር ታጥቦ፣ የብር ቀለም ተቀብቶ ነበር። ከጭነት መኪና ሲወርድ ለማየት ግቢያችን የገባው ሰው ሁሉ ቀለሙን አደነቀ። ጎንበስ ብሎ ሥሩን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ሰፈራችን ሞተር የሚመርጠው በግ እንደሚመርጥ ነው እንዳልል፣ በግ ሲገዙ ቢያንስ ላቱን ይጨብጣሉ።

ቤታችን እንሴኖ ነው፤ ከቡታጅራው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። አባቴ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ ፒክአፕ አለችው። በወቅቱ ከቆሼ በርበሬ ታመጣለች፤ ከወቅቱ ውጪ ሲሚንቶ፣ ጤፍ፣ የታመመ ሰው፣ የሙሽራ አጃቢ፣ የተገኘውን ሁሉ ትጭናለች። የምንኖረው በእሷ ነው። የድሮው ሞተሯ የሞተውም ከቆሼ በርበሬ ጭና ስትመለስ ነበር። የሙቀት መለኪያዋ ከተበላሸ ዓመታት ሆኖታል፤ አባቴ ደግሞ «ሞተር ሲግል በአፍንጫዬ አውቃለሁ» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ ያውቃል፤ በርበሬ ባልጫነ ቀን። የዚያን ቀን ግን ከኋላው ያ ሁሉ ጆንያ ተቆልሎ፣ እያስነጠሰና ዓይኑን እየጠረገ ሲነዳ ውሃው አልቆ ሞተሩ ሲቃጠል አልሸተተውም። ብሎኩ ተሰነጠቀ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው ሳስነጥስ ስለነበር በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ አልናገርም።

ሞተር የተማርኩት ማንም አስተምሮኝ አይደለም። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ከዚያ በኋላ የመስኖ ውሃ መሳቢያዎችን እየፈታሁ እገጥም ጀመር፤ ቀጥሎ ሞተር ሳይክሎች። የፒክአፗን የጥገና መጽሐፍ በስልኬ አውርጄ ሁለት ጊዜ ዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። የፈታሁትን ቡሎን ሁሉ ከየት እንደወጣ እየጻፍኩ በየፌስታሉ አስቀምጣለሁ። ይህ ለሰፈሩ ሰው ትልቅ ሳቅ ነበር። «የስልክ መካኒክ» ይሉኛል።

ስሙን ያወጣልኝ ያው አጎቴ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ መርካቶ ውስጥ ባልዲና ጆግ ይሸጣል። ባልዲና ጆግ መሸጥ ምንም ነውር የለበትም። ችግሩ ለአረፋ እንሴኖ ሲገባ የሚጀምር ነው። ከአውቶቡሱ እንደወረደ ሐኪም ይሆናል፣ ዳኛ ይሆናል፣ መሐንዲስ ይሆናል። የጎረቤት ላም ስትታመም አይቶ መድኃኒት ያዛል። የቤት መሠረት ሲቆፈር ካየ ያስቆማል። ሰውም ይሰማዋል፤ ከአዲስ አበባ መጥቷላ!

የፒክአፗን ነገር በስልክ ሲሰማ ለአባቴ ሁለት ነገር ነገረው። አንደኛው፣ ሞተሩን እሱ ራሱ አፈላልጎ እንደሚያመጣ። ሁለተኛው፣ መኪናዋ ለአረፋ ካልተነሳች ለቁርጥራጭ ብረት እንድትሸጥና እኔ ከእሱ ጋር መርካቶ እንድሄድ። «ሱቁ ሰው ይፈልጋል፤ ልጁም እዚያ ዝገት እየፋቀ ከሚያረጅ ሰው ይሁን» አለው። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር እኔም ሰማሁ። አባቴ «እናያለን» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ስተኛ የሚታየኝ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረ ባልዲ ነበር።

ሞተሩ የመጣው ለአረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። አራት ሰው ተሸክሞ ግቢያችን ያለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር፣ ከሞተው ሞተር አጠገብ አስቀመጠው። የዕድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ፣ የድንኳኑን ቧንቧ የሚቆጥርና የሚቆልፍ ሽማግሌ፣ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፤ አላህ ኸይር እንዲያደርገው፣ ከአደጋ እንዲጠብቀው። ሁላችንም አሚን አልን። እኔም ከልቤ ነው ያልኩት። ከዚያ ከኪሴ ሜትር አወጣሁና ተንበርክኬ ከሥሩ መለካት ጀመርኩ።

ሰው ሁሉ ወደ ሜትሬ ዞረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ አጎቴ። «ሱሪ ልትሰፋለት ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሞተሩ ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ቁጥሩም ብሎኩም ያው ነው። ግን ከሚኒባስ የወጣ ነው። ከሥሩ ያለው የዘይት ቋት ሆዱ ወደፊት ነው ያለው። የእኛው ሆዱ ወደኋላ ነው፤ ምክንያቱም በፒክአፗ ሻንሲ ላይ ልክ ከፊት ለፊት ግራና ቀኙን የሚያያይዝ ወፍራም አግዳሚ ብረት አለ። እንዳለ ቢገባ ቋቱ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና ሞተሩ መቀመጫው ላይ አይደርስም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሞተውን ሞተር ቋት ከነዘይት መምጠጫ ቱቦው ፈትቶ ለአዲሱ መግጠም። ሃያ ሁለት ትናንሽ ቡሎኖች፣ አንድ ቱቦ፣ ማሸጊያ ሲሊኮን። የግማሽ ቀን ሥራ።

ይህን ሁሉ በዚያች ሰዓት ማለት ነበረብኝ። ያልኩት «ቋቱ ይለያል» ብቻ ነው፤ እሱንም ወደ መሬት እያየሁ።

«ከዱባይ ነው ስልህ!» አለ አጎቴ። «ቀጥታ ከኮንቴነር። በዓይኔ አይቼ ነው ያወረድኩት።»

የዕድሩ ሽማግሌ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ዱዓ ተደርጎበታል እኮ» አለኝ። ሜትሩን ሰብስብ ማለቱ ነበር።

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ ዘንድ ለአረፋ ከአዲስ አበባ የመጣ ነገር በሁለት እጅ ይቀበሉታል፣ ይመርቁበታል፣ ያስቀምጡታል። በሰጪው ፊት አይመረመርም። ጫማው ጠቦ ጣትህን ቢያጥፈው እንኳ «ልክ ነው» ትላለህ፤ እንግዳው ሲሄድ ከጎረቤት ጋር ትለዋወጣለህ። የእናቴ ቁም ሳጥን ላይ ከአጎቴ ሱቅ የመጡ ስድስት ጆጎች ተደርድረዋል። የአንዳቸውም ክዳን አይገጥምም። በየዓመቱ አንድ ይጨመራል፣ በየዓመቱ «አላህ ይስጥልን» ይባላል፣ እሱም በየዓመቱ ጥሩ ዕቃ መርጦ የሚያመጣ ሰው መሆኑን አምኖ ይመለሳል። እኔ የዚያን ቀን ያደረግሁት የጆጉን ክዳን በፊቱ ገጥሞ እንደማየት ነው። ለጆግ የሚሆን ጨዋነት ለሞተር እንደማይሆን የሚያስብ ሰው ግን እዚያ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አባቴን ለብቻው አግኝቼ ሁሉንም በዝርዝር ነገርኩት። ደብተሬ ላይ የሣልኩትንም አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው።

«ለወንድሜ ነግረኸዋል?» አለኝ።

«እንደዚህ አልነገርኩትም።»

«በል ቡታጅራ ሂድና ማሸጊያውን ገዝተህ ና። ስትመለስ እናወራለን።»

እሱም ለወንድሙ መናገሩን ለእኔ ትቶ ማቆየቱ ነበር። ከመሄዴ በፊት አንድ ካርቶን ቀድጄ በትልልቁ ጻፍኩ፤ «ቋቱ ሳይቀየር ሞተሩ እንዳይገባ»። የብር ቀለሙ ላይ አቁሜው ወጣሁ። ጽፌያለሁና ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ። ራሴንም ከምንቃቸው ሰዎች መሐል አላወጣም፤ ሰው ቆሞ እያለ ለሰው ከመናገር ለካርቶን የነገርኩ ነኝ።

ቡታጅራ በአረፋ ሰሞን ምን እንደምትመስል መንገሩ ትርፍ ነው። መኪናው ሁሉ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ሰው ጭኗል፤ ወደ እኛ የሚመለስ ሚኒባስ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። የማሸጊያውም ነገር አራት ሱቅ አዞረኝ፤ ሦስቱ የመስኮት መስታወት የሚለጠፍበትን ሊሸጡልኝ ሞክረው ነበር፤ አንደኛው «ሁሉም ያው ሲሊኮን ነው» ሲል ዓይኑን እንኳ አላሸም። ቤት ስደርስ አስር ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ከአቮካዶው ሥር ሞተሩ የለም። የፒክአፗ ኮፈን ተነሥቷል፤ ከላይዋ የዕድሩ የድንኳን ቧንቧዎች ሦስት ሆነው አናታቸው ታስሮ ቆመዋል፤ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል።

በር ላይ ያገኘኝ ግቢያችን ተከራይቶ የሚኖረው የፊዚክስ መምህር ነው። ከሰሜን ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም። የሆነውን ሁሉ በደስታ ነገረኝ። ከምሳ በኋላ ወንዶቹ ሁሉ ጫት ይዘው ሳሎን በርጫ ተቀምጠዋል። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ምርቃናው ሲመጣ፣ ከምሳ በፊት ከባድ የነበረው ነገር ሁሉ ቀላል ሆነ። አጎቴ ብድግ አለና «ሞተር ማስገባት ምን ከባድ ነገር አለው?» አለ። ያን ጊዜ የዕድሩ ሽማግሌ ቧንቧዎቹን እንዲያመጣ ተጠየቀ።

«ዛሬ ሰው ቢሞትስ? ድንኳኑ በምን ይቆማል?» ብሏል ሽማግሌው።

«እስከ መግሪብ ማንም አይሞትም፣ ኢንሻ አላህ» ብሎ መልሶለታል አጎቴ።

«እኔም ሦስት እግር ከአራት እግር እንደሚሻል በፊዚክስ ደረጃ አስረድቻለሁ» አለኝ መምህሩ።

«ገባ?» አልኩት።

«መጀመሪያ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ አስቸግሮ ነበር። በኋላ ጥቂት ማስተካከያ ተደርጎበታል።»

ማስተካከያው መዶሻ ነበር። አጎቴ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ፣ የዘይት ቋቱን ከታች ወደ ላይ ቀጥቅጦ ቦታ አስለቅቆለታል። «ቆርቆሮ ነው፣ ይታዘዛል» እያለ። ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ ደግሞ ከሥሩ ካርቶን አንጥፏል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የእኔው ካርቶን ነው፤ ጽሑፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ «ቋቱ ሳይቀየር» የሚለው ላይ የጀርባው ላብ አርፎበታል።

አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ዓይኔን አላየኝም።

አጎቴ መሪው ጋ ተቀምጦ ባትሪው ሲታሰር እየጠበቀ ነበር። ሲያየኝ፣ «መጣህ የስልክ መካኒክ? ና ሥራ እይ!» አለ። ቁልፉን አዞረ። በሁለተኛው ተነሣ። ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ማሻ አላህ!» አለ። ሰው ሲተቃቀፍ አየሁ። መምህሩ አጨበጨበ።

በመስኮቱ በኩል ዳሽቦርዱን አየሁ። ቀይዋ የዘይት መብራት በርታለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ እስከ ስምንት ቆጠርኩ። አልጠፋችም።

«መብራቱ አልጠፋም» አልኩ።

«አምፖሉ ያረጀ ነው።»

«አዲስ ነው፤ እኔ ነኝ የቀየርኩት። ዘይት አልሳበም።»

አጎቴ በትዕግሥት ሳቀ። እጁን ከዳሽቦርዱ ሥር ሰደደና ሽቦውን ነቀለው። መብራቷ ጠፋች።

«ይኸው ጠፋ!» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። የዕድሩ ሽማግሌ ሳይቀር።

በሕይወቴ ብዙ ነገር ንቄ አውቃለሁ፤ እንደዚያች ሳቅ የናቅሁት ግን የለም። ሞተሩ ከአናቱ በኩል ደረቅ ብረት ለብረት ሲማታ የሚሰማውን ቀጭን ድምፅ ማሰማት ጀምሮ ነበር፤ የሚሰማው ግን የለም። ወደ ፊት ሄድኩና እጄን ከኮፈኑ ሥር አስገብቼ የናፍጣ ፓምፑን መዝጊያ ሳብኩት። ሞተሩ ጠፋ።

«ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ።»

«ልቀቀው።»

«አልለቅም።»

አጎቴ ከመኪናው ወረደ። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። «ይኸን ልጅ ነው እዚህ የምታስቀምጠው?» አለ ወደ አባቴ ዞሮ። «ሰው ፊት የሚያዋርድህን? ከአረፋ ማግስት ከእኔ ጋር ይሄዳል። ነገሩ አለቀ!»

አባቴ ግድግዳውን ለቀቀ። ወደ እኔ መጣና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምንድነው የሆነው?» አለኝ።

«ቋቱ ሲቀጠቀጥ የመምጠጫውን ቱቦ አፍ ዘግቶታል። ዘይት ወደ ላይ አይሄድም። አምስት ደቂቃ ቢሠራ ኖሮ እንደ ድሮው ይሆን ነበር።»

አባቴ አቮካዶው ሥር ያለውን የተሰነጠቀ ሞተር አየ። የዚያን ቀን በአፍንጫው ያላገኘውን አሁን ያገኘ መሰለኝ። ወደ ዕድሩ ሽማግሌ ዞረ።

«ቧንቧዎቹን እንዳታነሣቸው።»

«ሰው ቢሞትስ?»

«እናነሣቸዋለን። እስከዚያ ይቁሙ።»

አጎቴ እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። «ዱዓ የተደረገበትን ሞተር ልታወጡት ነው?»

«ዱዓው አይወጣም፣ ወንድሜ» አለ አባቴ። «የሚወጣው ቋቱ ነው።»

በማግስቱ የአረፋ ጾም ነበር። አባቴና እኔ ጾማችንን ሞተሩን መልሰን ሰቀልነው። መምህሩ የሰንሰለቱን አንድ ጫፍ ያዘልን፤ ስለ ፊዚክስ አልተናገረም። ሃያ ሁለቱን ቡሎኖች ፈትቼ የተቀጠቀጠውን ቋት ሳወርደው የመዶሻው ጠባሳ ከውስጥ እንደ ጉልበት አብጦ ይታያል፤ የመምጠጫው ቱቦ አፍ ደግሞ ተጨፍልቆ ምላጭ አያስገባም። ለአባቴ ሰጠሁት። ጣቱን እብጠቱ ላይ አዙሮ አዙሮ መለሰልኝ። ከድሮው ሞተር ላይ ቋቱንና ቱቦውን አውርጄ በናፍጣ አጠብኩ፣ ማሸጊያውን ቀባሁ፣ ገጠምኩ። የማሸጊያው ወረቀት አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ ይላል። ያ ቀን አረፋ ነው።

ስለዚህ አረፋ የዋለው ሞተሩ ግቢው መሐል በዕድር ቧንቧ ተንጠልጥሎ ነው። በአዲሱ ሞተር ከቆሼ ሊመጣ የነበረው የእርድ በሬ በሰው መኪና መጣ። ለዘየራ፣ ለበዓሉ ጥየቃ የገባው እንግዳ ሁሉ ሞተሩን እየዞረ አየ። ስለ ምን እንዳወሩ መገመት አያስቸግርም፤ «እንዴት ያለ ቀለም ነው!» አሉ። አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶት ሥጋውን በላ። ማንም አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ፤ ሽማግሌው ግን ቀኑን ሙሉ በዓይኑ ቧንቧ ሲቆጥር ዋለ።

በነጋታው ጠዋት፣ ሞተሩ ገና እንደተሰቀለ፣ አጎቴ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። «ልብስህን ያዝ» አለኝ። «ቃል ቃል ነው። አረፋ አለፈ፣ መኪናዋ ቆማለች።»

እውነቱን ነበር፤ ቆማለች። ወደ አባቴ አየሁ። አባቴ የአጎቴን ሻንጣ ተቀብሎ በር ላይ የቆመው ባጃጅ ላይ ጫነለት።

«አይመጣም» አለ። «ሥራ ይዟል።»

አጎቴ ሁለታችንንም አፈራርቆ አየንና ተሳፈረ። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ሞተሩ ባይነሣ የማጣው የራሴን ነገር ነበር፤ አሁን ደግሞ የአባቴ ቃል እላዩ ላይ ተቀምጧል። አንድ ቡሎን እንኳ ሳልቸኩል እስከ ስምንት ሰዓት ሠራሁ። ሞተሩ መቀመጫው ላይ ልክ እንደ ዕቃ ክዳን ዐረፈ። አጎቴ የነቀለውንም ሽቦ መልሼ አሰርኩት፤ መብራቷ ስትጠፋ በራሷ እንድትጠፋ ፈልጌ ነው።

አባቴ ቁልፉን ሰጠኝ። ግቢው ውስጥ ከእኔና ከእሱ ሌላ እናቴ ብቻ ነበረች። ቢስሚላህ ብዬ አዞርኩት። ተነሣ። ቀይዋ መብራት በራች። አንድ። ሁለት። ሦስት ሳልል ጠፋች።

አባቴ በዓይኑ ሞተሩን፣ በጆሮው አናቱን፣ ከልማዱ የተነሣ በአፍንጫውም አየሩን ፈተሸ። ከዚያ፣ «ነገ ቆሼ እንሄዳለን» አለኝ። «የሙቀት መለኪያውንም ሥራው።»

ማታ አጎቴ ደወለ። አባቴ እንደ ልማዱ ድምፁን አጉልቶ አነሣው።

«ተነሣች?»

«ተነሥታለች።»

«አላልኩህም? ዋናው ዕቃው ነው። ጥሩ ዕቃ መርጠህ ከገዛህ ማንም ይገጥመዋል።»

አባቴ እኔን እያየ «ብለኸኛል» አለው። በጣም ተናደድኩ። አሁን ግን ስድስቱ ጆጎች ያሉበትን ቁም ሳጥን ሳይ፣ አባቴ እኔን ማስቀረቱን እንጂ ወንድሙን ማሸነፉን ፈልጎት እንደማያውቅ ይገባኛል። እኔ ሁለቱንም ፈልጌ ነበር።

የተቀጠቀጠው የዘይት ቋት በደንብ ታጥቦ በር አጠገብ ተቀምጧል፤ ዶሮዎቹ ውሃ ይጠጡበታል። በዓመቱ አረፋ አጎቴ ሲገባ አጠገቡ ቆም ብሎ በእግሩ ነካ አደረገው።

«ይኸ ጥሩ ብረት ነው» አለ። «ምንድነው?»

«የዶሮ ውሃ መጠጫ» አለ አባቴ።

አጎቴ ጎንበስ ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድን ዕቃ ሥር አየና ራሱን ነቀነቀ። «ቆሻሻ ይገባበታል፣ ክዳን ያስፈልገዋል» አለ። «ከሱቄ አመጣላችኋለሁ።»

«አላህ ይስጥልን» አልን፣ አባቴ፣ እናቴና እኔ፣ ሦስታችንም።